ለሁሉም ነው ያልኳቸው ሴትዮ

አልተኛሁም። ተኝቼም ከነበረ እንቅልፉ በላዬ አለፈ እንጂ አልገባብኝም። ዶሮ ጮኸ፤ እኛ ፊሊፒኖዎች በሞላንባት የደሴቷ ከተማ፣ ዋይፓሁ ውስጥ፣ ዶሮ ሰዓትም ጌታም የለውም፣ ሲያሻው አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ አሁን ግን እውነቱን ነው፣ ነግቷል፣ መጋረጃዬ ቀልቷል፣ ከጓሮ የአከራዬ ባል የሽፈራውን ዛፍ ውኃ ሲያጠጣ ይሰማኛል፣ እሑድ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ቅዳሴ በሦስት ሰዓት ይገባል፣ በአራት ይወጣል፣ ከዚያ ሴቶቹ ወደ አዳራሽ ይሄዳሉ፣ ናና ፓሲንግም፣ ናና እኛ ዘንድ ለትልቅ ሴት የክብር መጠሪያ ነው፣ ይሄዳሉ፣ ቦርሳቸውን ከፍተው ያንን የድምፅ መስጫ ፖስታ ያወጣሉ፣ «ስክሪብቶ ያላችሁ» ይላሉ፣ አንዷ ታቀብላቸዋለች፣ ይፈርማሉ፣ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል፣ በቃ። የሰባ አንድ ዓመት ሴትዮ ዜጋ ሳይሆኑ ድምፅ ሰጡ ይባላል፣ ይህ ደግሞ ወንጀል ነው፣ አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ የሚመልስ ወንጀል፣ ልጃቸው እዚህ፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚህ፣ አምና የሞቱት ባላቸው እዚህ ተቀብረው እሳቸው ብቻቸውን ወደዚያ፣ ያውም የሸጡት ቤት ወዳለበት መንደር። ይህን ሁሉ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። በጎኔ ተገላበጥኩ። አራት ሰዓት አለኝ። ሦስት ቀን ነበረኝ፣ ሦስቱንም ቀን ተኝቼ ጣራ ሳይ አሳለፍኩት።

ሥራውን የጀመርኩት በሰኔ ነው። የትምህርት ዕረፍቱን ሁለት ወር ኮሌጁ ለልምምድ ወደ አንድ የፊሊፒኖዎች ማኅበር ላከኝ፤ ሰዎችን ለምርጫ መመዝገብ፣ ስልክ መደወል፣ ቤት ማንኳኳት፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የምክር ቤት አባል ቢሮ ሄዶ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። አለቃችን አንቲ ኖሪን ትባላለች፤ እዚህ ደሴት ላይ የእናትሽ እኩያ የሆነች ሴት ሁሉ አንቲ ናት፤ አያቷ ሸንኮራ ሊቆርጡ መጥተው የቀሩ፣ እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ቋንቋችንን ኢሎካኖን ስትናገር እንደ ቱሪስት፣ ስትቆጣ ግን እንደ መንደራችን ሴቶች። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ መታችና «ስሙኝ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ አንዱ አይጥፋባችሁ። ቅጹን ከመስጠታችሁ በፊት ዜጋ ነዎት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ በአፋችሁ! ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ቅጹ ላይ ዜጋ ነኝ የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ምልክት ካደረገ ጉዱ ፈላ። የአጎቴ ልጅ ባል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረበትን አገር በአንዲት ምልክት ለቆ ወጣ» አለች። አንዱ ልጅ «ከተሳሳትንስ?» አላት። «ድምፅ ሳይሰጥ ድረሱበት። ከሰጠ እኔንም አትጥሩኝ። ካልሰጠ ግን ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ይናገር፤ እንዴት እንደሆነ ደብዳቤ ይጻፍ፣ እውነቱን ይጻፍ፣ ስሙ ይሰረዝ።» ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ማስመር ላይ ጎበዝ ነኝ።

ለአንቲ ኖሪን ቀላል ነው። እሷ እዚህ ተወልዳለች፣ ሰው ወረቀት ሲባል የልደት ወረቀት ይመስላታል። እኛ ዘንድ ግን በአንድ ቤት ስድስት ሰው እየኖረ የማን ወረቀት ምን እንደሆነ አይጠያየቅም፤ የሚያውቅ ዝም ይላል፣ የማያውቅ እንደማያውቅ ይኖራል፤ አንዱ በቱሪስት ቪዛ መጥቶ አሥር ዓመት ሆኖታል፣ አንዷ በስም ብቻ አግብታለች፣ ሌላው ደግሞ ሁሉ ነገር ሕጋዊ ሆኖለትም ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ትልቅን ሰው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት፣ ዜጋ ነዎት ወይ ማለት ቀሚስዎን ይግለጡልኝ ከማለት አይሻልም። ለማላውቃቸው እጠይቅ ነበር። ለወጣት እጠይቅ ነበር። እናት ለሚሆኑኝ ግን ጥያቄውን ዋጥ አድርጌ በፈገግታ አልፈው ነበር፣ በይሉኝታ፣ ሳልጠይቅ ያለፍኳቸው ሌሎችም ሳይኖሩ አይቀሩም፣ ስንት እንደሆኑ ማሰብ አልፈልግም፣ አሁን አንዷ ይበቁኛል።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ፊት ለፊት ድንኳን ተክለናል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ናና ፓሲንግ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ባሚያና ረዘም ያለ ዱባ ተሸክመው ይመጣሉ። እንደ ወጋችን እጃቸውን ተቀብዬ ግንባሬ ላይ አስነካሁ። «የማን ልጅ ነሽ?» ይላሉ። «የባካራው ሉሲዮ፣ ነፍሱን ይማረውና።» «ወይ ጉድ! የሉሲዮ ልጅ! ዝንብ የማይነካው ሉሲዮ! እናንተ፣ የሉሲዮ ልጅ እኮ ናት፣ ባለሥልጣን ሆናለች!» ሴቶቹ ከበቡኝ። ማን ያልተከበበ የክብሩን ጣዕም ያውቃል፤ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አባቴ ከሞተ ሁለት፣ እንዲህ ተከብቤ አላውቅም። «ዓይኔ ትንንሹን ፊደል አይለይም፣ አንቺው ሙይልኝ» አሉ። መሙላት ጀመርኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ግን ለእኔም ነው?» አሉኝ። እኔም ከፍ አድርጌ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ፣ «ለሁሉም ነው ናና!» አልኩ። ጥያቄው ከቅጹ አናት ላይ ነበር። አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ በዚህ እጄ። እሳቸው ፈረሙ፣ ፊደል በፊደል። በዚያ ሳምንት ከሁሉም ልጆች ብዙ ሰው የመዘገብኩ እኔ ሆኜ አንቲ ኖሪን ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ባለፈው ሐሙስ ናና ፓሲንግ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ሽማግሌዎችን ከሚያጥቡበትና ከሚመግቡበት ቤት መመለሳቸው ነበር፣ እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ፖስታውን ከቦርሳቸው አወጡ። «ይኸው፣ በስሜ መጣልኝ» አሉ። «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእነኡርሲንግ ጋር አንድ ላይ እንሞላለን፣ ሩዝ ኬክ እሠራለሁ።» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ እንደዋዛ፣ «ለዜግነት ፈተናው ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል። መቶ ጥያቄ ነው አሉ። ያኔ ታስጠኚኛለሽ» አሉኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ፊቴ ግን፣ ይህ የተረገመ ፊቴ፣ ፈገግ አለ። «አስጠናዎታለሁ ናና» አልኩ። እሳቸው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ፖስታውን መልሰው ከተቱት፣ እኔም ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ትናንት አገር ቤት እናቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ዘንድ እሑድ ጠዋት ነበር፤ እናቴ ሁልጊዜ ነገ ላይ ናት፣ እኔ ትናንት ላይ። የነጭ ሽንኩርቱን ጉንጉን ለገበያ እያሰረች ነው፣ ይንኮሻኮሻል። ነገርኳት። ጉንጉኑ ዝም አለ። እናቴና አባቴ አልተጋቡም ነበር፤ አያቴ አባቴን የሚያመጡት ያላገባ ልጅ ነው ብለው ስለነበር፣ ቢጋቡ ወረቀቱ ይበላሻል ተባለ፣ ዘንድሮ ዘንድሮ ሲሉ አሥራ አራት ዓመት ጠበቁ፣ ሲፈቀድ እሱና እኔ መጣን፣ እሷ እዚያ ቀረች። ከዚያ እሱ ሞተ። አሁን እኔ ዜጋ ሆኛለሁ፣ ሃያ አንድ ሞልቶኛል፣ በመጋቢት የእሷን ማመልከቻ በስሜ አስገብቻለሁ፣ በስሜ። «ስምሽን ሌላ ወረቀት ላይ እንዳታስገቢ» አለችኝ። «እማ፣ ሴትዮዋን እኮ ያባርሯቸዋል።» «ልጅ አላቸው፣ ጠበቃ ይይዛሉ። እኔ ማን አለኝ? ዝም አይነቅዝም ልጄ። አንቺ መሆንሽን ያወቀ አለ?» «የለም።» «በቃ። እሑድ ታመምኩ በይና ቤትሽ ዋይ።» ከዚያ፣ «ሩዝ በልተሻል?» አለች። አልበላሁም፣ በልቻለሁ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም፣ እፎይ አልኩ፣ አሁን እንኳ ሳስበው ፊቴ ይግላል፣ ግን እንደዚያች አንድ ደቂቃ የጣፈጠ እፎይታ ቀምሼ አላውቅም። ከዚያ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ፤ የሐሰት ምዝገባ፣ የረዳ ሰው፣ ቅጣቱ፣ ማመልከቻ ይሰረዛል ወይ፣ አይሰረዝም ወይ፣ አንዱ ይሰረዛል ይላል ሌላው አይሰረዝም ይላል፣ ሁሉም ጠበቃ ያነጋግሩ ብሎ ያልቃል።

ለምን ተነሣሁ? አላውቅም። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ቤት መዋሉን ፈራሁት፣ ሲመሽ ያለው እሑድ ማታ ከዚህ ይብሳል ብዬ ነው። ነጠላ ጫማዬን ከደጃፉ ክምር ፈልጌ አወጣሁ፣ አውቶቡስ ያዝኩ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ደረስኩ፣ ከኋላ ቆሜ ነበር ያስቀደስኩት፤ ቄሱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ የናና ፓሲንግን ጀርባ ብቻ ነበር የማየው፣ ግራጫ ፀጉራቸው በቢጫ መያዣ ተይዟል፣ አንድም ጊዜ አልዞሩም።

አዳራሹ ኑድልና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ረጅሙ ጠረጴዛ በአንድ ጫፍ ምግብ፣ በሌላው ጫፍ የድምፅ መስጫ ወረቀት። ናና ኡርሲንግ፣ የሴቶቹ ሁሉ አዛዥ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ያስተባብራሉ። «መጣች! ምርጫ ቦርድ ራሷ መጣች! ነይ ብይ፣ አጥንትሽ ወጥቷል፣ ባለሥልጣን እንዲህ ይከሳል እንዴ?»

«በልቻለሁ ናና።»

«ውሸታም። የልጅ ልጄን አግቢና እኔ አበላሻለሁ። መካኒክ ነው፣ አይጠጣም፣ ትንሽ ያንኮራፋል እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ናና ፓሲንግ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፣ ስክሪብቶው በእጃቸው ነው፣ ክዳኑን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ተጽፎበት እንደሆነ ከዚህ አይታየኝም።

«ፓሲንግ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ናና ኡርሲንግ። «ያንን የአገራችንን ልጅ፣ የሳራቱን እጩ ምረጪና ፈርሚ። እኛ ጨረስን እኮ። ፎቶ እንነሣለን።»

«መነጽሬን አላመጣሁም።»

«የእኔን እንኪ።»

«የአንቺ ያጥበረብረኛል።»

«እሺ ልጅቷ ታንብብልሽ፣ ይኸው እዚህ ቆማለች፣ መንግሥት ለምን ያስተምራታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሴቶች፣ አሥራ አንድ ፖስታ። አሁን ብናገር ዛሬ ማታ ዋይፓሁ በሙሉ የናና ፓሲንግን ወረቀት ያውቃል፤ ባልናገር ይፈርማሉ። «አድራሻዎ ላይ ስህተት ገብቷል» አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። «የእኔ ስህተት ነው። ሳላስተካክለው መላክ የለበትም። ይዘውት ከእኔ ጋር ውጭ ይምጡ፣ ናና።»

«አይ ምርጫ ቦርድ!» አሉ ናና ኡርሲንግ። «የእኔስ ትክክል ነው ወይ?»

ናና ፓሲንግ ወረቀቱን አጠፉ፣ ፖስታውን ብብታቸው ሥር ያዙ፣ እኔን ቀድመው ወጡ።

ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ወንበሮች የሚደረደሩበት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩ፣ ሁለቱንም ገጽ አየሁ፣ ባዶ ነው፣ አንድም ነጥብ የለበትም። ያለቀስኩ እዚያ ነው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ እየተንተባተብኩ፣ ሳጥኗን፣ ምልክቷን፣ አንቲ ኖሪን ያለችውን፣ አለመጠየቄን። እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ።

«አውቅ ነበር እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«የእኔ እንዳልሆነ። ሬዲዮ እሰማለሁ ልጄ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ጠየቅሁሽ፣ ለሁሉም ነው አልሽ፣ ጮክ ብለሽ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩሻል። አለቃሽ ከኋላ ቆማለች። እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ ተሳስተሻል ልበልሽ? በመጀመሪያ ሥራሽ? የሉሲዮን ልጅ ሰው ፊት ላዋርድ?» ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «አይመጣም ብዬ ነበር። መንግሥት ያጣራል፣ ይተወዋል አልኩ። መጣ። አውቶቡስ ላይ የነገርኩሽ ለምን ይመስልሻል? ሁለት ዓመት ይቀረኛል ያልኩሽ? አንቺው አስተውለሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። አንቺ ሳቅሽ። ምናልባት ከእኔ የተሻለ ታውቅ ይሆናል አልኩ፣ ተምራለች። ሦስት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ቢፈርሙስ ኖሮ?»

«ኡርሲንግ መነጽር ደግማ ብትሰጠኝ እፈርም ነበር» አሉ። «ምን ብዬ እንቢ እላለሁ?»

እኔ ስለ እሳቸው ይሉኝታ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸው ስለ እኔ ይሉኝታ ብለው አልነገሩኝም፣ ሁለታችንም ትሑቶች፣ ሁለታችንም ጨዋዎች፣ በጨዋነታችን ገደል አፋፍ ደርሰናል። ደብዳቤ መጻፍ አለብን አልኳቸው፣ ዛሬ፣ ነገ ጠዋት ከአንቲ ኖሪንና ከጠበቃ ጋር እንዲገባ። ከደብተሬ ንጹሕ ወረቀት ገነጠልኩ።

«እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ጻፊው» አሉ። ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔ ፓሲታ አግባያኒ፣ ቅጹን በገዛ እጄ ሞላሁት። ማንም አልረዳኝም። ሳላውቅ ነው። ድምፅ አልሰጠሁም። ስሜን ሰርዙልኝ።»

«ናና፣ የረዳዎት ሰው አለ እኮ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።»

«ማን ያየዋል?» እጄን ያዙ። «እናትሽ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው። ሰምቻለሁ፣ እዚህ አገር የማይሰማ አለ? አንቺን ከነኩሽ እሷ እዚያው ትቀራለች። እኔ አንድ ጊዜ ሞኝ አሮጊት ናት ይሉኛል፣ ያልፋል። ያልኩሽን ጻፊ።»

ያልፋል? አያልፍም። ጽሑፉን ቢያመሳክሩ ሁለተኛ ዋሹ ይሏቸዋል፣ ያን ጊዜ አንቲ ኖሪንም ጠበቃም አይደርስላቸውም። እናቴ ጆሮዬ ውስጥ ዝም አይነቅዝም ትላለች። እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ትልቅ ሰው ያዘዘኝን መጻፍ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። እሺ ናና አልኳቸው፣ መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ፓሲታ አግባያኒ ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የሞላችልኝ የማኅበሩ ተለማማጅ ዳኒካ ባቱንግባካል ናት፤ ዜጋ መሆኔን አልጠየቀችኝም፤ ጥያቄውን አላነበበችልኝም፤ ይህ ለእኔም ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ለሁሉም ነው አለችኝ። ድምፅ አልሰጠሁም። ስሜን ሰርዙልኝ። የራሴን ስም ጻፍኩ፣ የራሴን ስልክ ጻፍኩ፣ የራሴን አድራሻ ጻፍኩ፣ እናቴን እያየሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን እያየሁ፣ ፊደሉ እንዳይጣመም ትንፋሼን ይዤ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ ናና ፓሲንግ።

ወረቀቱን ከፍ አደረግሁ። ዓይኔን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ በቋንቋችን፣ ቀስ ብዬ፣ የጻፍኩትን ሳይሆን ያሉኝን አነበብኩላቸው፦ እኔ ፓሲታ አግባያኒ፣ ቅጹን በገዛ እጄ ሞላሁት፣ ማንም አልረዳኝም።

«አበጀሽ» አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበሉ። «የት ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ አሉና ፊደል በፊደል ፈረሙ።